እስረኛው ቡሎን



ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንድ ቡሎን ነው። አዎ፣ ስለ ቡሎን። ይህን ሰምታችሁ ወደ ሌላ ጽሑፍ ለማለፍ ብታስቡ አንፈርድባችሁም። እኛም ከጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ስንመረቅ፣ ጥቁር ካባ ለብሰን ፎቶ ስንነሣ፣ አንድ ቀን ስለ ዛገ ብረት እንጽፋለን ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም። ነገር ግን ይህ ቡሎን ከአንበሳሜ ተነሥቶ አፄ ቴዎድሮስን፣ አፄ ምኒልክን፣ ጣሊያንንና የፎገራን ሩዝ አዳርሶ፣ በመጨረሻ ተመልሶ እኛኑ ወቀሰን። ስለዚህ ትንሽ ታገሡን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ በሁለት ሞተር ሳይክል አራት ሆነን ከሐሙሲት ወደ አንበሳሜ እንሄድ ነበር። ከሁለቱ አንዷ የተውሶ ናት። ግማሽ መንገድ ላይ ድምፅዋ ተለወጠ፤ መጀመሪያ ፕት ፕት አለች፤ ቆይታ ደግሞ ወፍጮ ቤት ተሸክመን የምንሄድ እስኪመስል ጮኸች። የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው አንበሳሜ ስንገባ ሕፃናቱ ሆ እያሉ ተከተሉን። በዚህ አጀብ የገባ እንግዳ ብዙም ያዩ አልመሰለንም።

ከአንዲት የቆርቆሮ በረንዳ ሥር ሞተር የሚጠግኑ ሰው አገኘን። ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ጣቶቻቸው ዘይት ጠጥተው የጠቆሩ ሰው ናቸው። ስማችን አይጻፍ ስላሉን "ጋሼ" እያልን እንቀጥል። ቁጢጥ ብለው አንድ ጊዜ አዩና "ማርሚታው ላልቷል" አሉ።

ለማያውቅ እናስረዳ። የጭስ ማውጫው ቱቦ ከሞተሩ ቴስታታ ጋር የሚያያዘው በሁለት አጫጭር ቡሎኖች ነው። እነዚህ ቡሎኖች እንደሌሎቹ ራስ የላቸውም፤ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ናቸው። አንደኛው ጫፍ ቴስታታው ውስጥ ይቀበራል፤ በሌላኛው ጫፍ ላይ ዳዶ ይጠብቃል። በእኛዋ ሞተር ላይ አንዱ ዳዶ ወድቆ ጠፍቷል፤ ሌላው ደግሞ ከቡሎኑ ጋር ዝጎ አንድ አካል ሆኗል። ጭሱ በላላው በኩል ያመልጣል፤ ያ ሁሉ ጩኸትም ከዚያ ነው።

ከመካከላችን አንዱ፣ ጉልበቱን የሚያምን ልጅ፣ "ይሄ ምን ያቅታል?" ብሎ መፍቻውን አነሣ። ጋሼ "ቆይ ልጄ" ሲሉት አልሰማም። በሁለት እጁ ተጫነው። ቀጭ! ዳዶው ከነግማሽ ቡሎኑ ከመፍቻው ጋር መጣ፤ ቀሪው ግማሽ ቴስታታው ላይ ቀረ።

ጋሼ አልተቆጡም። "ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ይሰብራል" አሉ። "ዛሬ አይወጣም፤ ነገ ጠዋት ኑ።" ከዚያ የስባሪውን ዙሪያ በሽቦ ብሩሽ አጸዱ፤ ናፍታና የሞተር ዘይት የቀላቀሉበትን ጠብ ጠብ አደረጉበት፤ ጫፉን በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለው መታ መታ አደረጉና ጨርቅ ጣል አድርገውበት ወደ ሌላ ሥራቸው ሄዱ። "አሁን ይጠጣ" አሉን ሲሄዱ።

ለምን አልፈታም አለ?

መጀመሪያ የተመራመርነው ይህንኑ ነው። ለካ ነገሩ የጉልበት ማነስ አይደለም። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ቡሎኑ ብረት ነው። ሁለቱ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው የብረትን እጥፍ ገደማ ነው። ከሞተር የሚወጣው ጭስ ደግሞ በብዙ መቶ ዲግሪ የሚቆጠር ሙቀት አለው። እንግዲህ ሞተሯ በተነሣች ቁጥር ሁለቱ ብረቶች ሲለጠጡ፣ በቆመች ቁጥር ሲሸማቀቁ ይኖራሉ።

በዚህ ላይ ውኃ ሲጨመር አስቡት። የደራና የፎገራ ሜዳ ክረምት ሲገባ ጉማራና ርብ እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት አገር ነው። የጋለ ብረት ጭቃና ውኃ ይረጨዋል፤ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። በቡሎኑ ጥርስና በቴስታታው ጥርስ መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት ሞልቶ ያብጣል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በእርጥበት ሲነካኩም እንደ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ፤ አሉሚኒየሙ ይበላና ነጭ ዱቄት ይሠራል። ያ ዱቄት ቀሪውን ቀዳዳ ይደፍናል።

የእነዚህ ቡሎኖች ውፍረት በትናንሽ ሞተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወይም 8 ሚሊሜትር ነው። ዝገቱ የያዘበት ኃይል ከቡሎኑ ከራሱ ጥንካሬ ሲበልጥ፣ የምንጨምረው ጉልበት ቡሎኑን አይፈታውም፤ ይቆርጠዋል እንጂ። ጓደኛችን በጉልበቱ የሠራው ይህንን ነው።

ማታ ሻይ ቤት ተቀምጠን

ያን ዕለት ማታ አንበሳሜ አደርን። ሻይ እየጠጣን ጭቅጭቅ ተነሣ። ይህን ሙያ፣ ብረትን ከብረት የማላቀቁን ጥበብ፣ ለዚህ አገር ማን አስተማረው? አንዷ ጓደኛችን ፈጥና "ጣሊያን ነዋ!" አለች። ማስረጃዋ ቋንቋ ነበር። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ ቴስታታ፣ ፍሬን፣ ጎማ... ጋራዥ ውስጥ የምንሰማው ስም አብዛኛው የጣሊያን ነው። ማርሚታ እንኳ በጣሊያንኛ ትልቅ ድስት ማለትም ነው። ከዚህ ሁሉ ያስደነቀን ግን አንድ ነው። ያንን ራስ የሌለውን፣ ቴስታታ ውስጥ የሚቀበረውን ቡሎን ጣሊያኖች "ፕሪጆኒዬሮ" ይሉታል። ትርጉሙ እስረኛ!

ቃሎቹ የመጡበት መንገድ የታወቀ ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የስታራቼ ጦር ጎንደር የገባው በጭነት መኪና ነው። መኪና ባለበት መካኒክ አለ፤ መካኒክ ባለበት መፍቻ የሚያቀብል የአገር ልጅ አለ። ጣሊያን በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ጦሩ ሄደ፤ ካቻቢቴው ከነስሙ ቀረ። መፍቻ ሲያቀብል የነበረው ልጅ የሰማውን እያስታወሰ፣ ያየውን እየደገመ፣ ለሌላ ልጅ አስተማረ። እንዲህ ያለው ትምህርት ሰርተፍኬት የለውም፤ ግን እስከ ዛሬ መኪኖቻችን የሚነሡት በእሱ ነው።

ግን ታሪኩን ከጣሊያን መጀመር ልክ አይደለም። ቡሎኑን ከነስሙ ጣሊያን አመጣው እንበል፤ ብረትን በእሳት ማለስለስና ማዘዝ ግን እዚህ አገር ጣሊያን ሳይታሰብ የነበረ ነው። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ጦር ያለ ቀጥቃጭ አይሆንም። ደግሞም ትልቁ ታሪክ የሚገኘው እዚያው ደቡብ ጎንደር፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1850ዎቹ ጀምሮ በስዊዘርላንድ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የወጡ አውሮፓውያን ወደ አፄ ቴዎድሮስ አገር መጥተው ነበር። የመጡት ሊሰብኩ ነው፤ ነገር ግን የእጅ ሙያ ያላቸው ሰዎች ስለነበሩ ንጉሡ ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉ። ጋፋት ላይ አስፈሯቸው፤ መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። አንችልም ቢሉም ንጉሡ አልተቀበሉም። ተሞከረ፤ ከሸፈ፤ እንደገና ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1867 ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። ወራት በፈጀ ጉዞ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። አዲስ አበባ የምትኖሩ በቴዎድሮስ አደባባይ ባለፋችሁ ቁጥር የምታዩት የእሱን አምሳያ ነው።

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ አውሮፓውያኑንም ይዟቸው ሄደ። ጋፋት ጸጥ አለች። ያን ማታ ያከራከረን ይህ ጸጥታ ነው። የጋፋት እሳት ሲነድድ ወናፍ የነፉ፣ ከሰል ያቀረቡ፣ ብረት ያቀለጡ የአገር ልጆች ነበሩ። ሙያ እንዲማሩም ንጉሡ ወጣቶችን መድበው ነበር። አለቆቻቸው ሲሄዱ ሙያው ለምን አብሮ ሄደ? ለምን ልክ እንደ ጣሊያኑ ጊዜ አልቀረም?

አዋጁና ስድቡ

መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። በአገራችን ብረት የሚሠራ ሰው ጠይብ ነው፤ ቀጥቃጭ ነው፤ ቡዳ ነው። ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ይፈራል። ልጁን የሚያገባለት የለም፤ ከጎረቤት እኩል ማዕድ የሚያቀርበው ጥቂት ነው። ያረሰው ሁሉ የሚያርሰው እሱ በሠራው ማረሻ ነው፤ ግን ማረሻውን ተቀብሎ እጁን የሚጠየፍ ብዙ ነበር። እንዲህ ባለ አገር የመኳንንት ልጅ ይቅርና የደኻ ገበሬ ልጅ እንኳ ጋፋት የተማረውን ይዞ መንደሩ ቢመለስ የሚጠብቀው ስድብ ነው።

አፄ ምኒልክ ይህን አይተው ነበር። በጥር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሰውን በሥራው መሳደብ ከለከሉ። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሌላውንም ባለሙያ ስሙን እየጠሩ ማዋረድ እንዲቀር አዘዙ። የሚገርመው ግጥምጥም ደግሞ ይኸው። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አስገባ። መኪናዋና አዋጁ በአንድ ዓመት ገቡ ማለት ነው። ማንም አስቦ አላደረገውም፤ ግን ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነበር። ቡሎን የሚፈታ ሰው ሳይከበር መኪና ብቻዋን የትም አትደርስም።

አዋጁ ወረቀት ላይ ሠራ። አፋችን ላይ ግን አልሠራም። እዚህ ላይ ስለ ሌላ ሰው ብቻ እያወራን እንዳይመስላችሁ። ከመካከላችን ሁለታችን ትምህርት ቤት ሳለን "ቀጥቃጭ" የሚለውን ቃል ለስድብ ተጠቅመንበታል። የተሳደብንበት ልጅ አባቱ ወፍጮ ቤት ብረት የሚበይድ ሰው ነበር። ይህን ያን ማታ ስንነጋገር ሻያችን ቀዘቀዘ። ከአዋጁ ዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ ነበር የተሳደብነው።

ለመሆኑ ምን ይጎድላል?

አንድ ሰው "ታዲያ ስድቡ ምን አጎደለ?" ሊል ይችላል። ዙሪያችንን እንይ።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወልዲያ የሚደርሰውን መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ሠሩት። በዚያው ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ደራ ውስጥ ጅግና ላይ፣ ፎገራ ውስጥ ሻጋ ላይ፣ ከገበሬ ማኅበራት ጋር ሩዝ ሞከሩ። ኤክስ ጅግና የሚባለው የሩዝ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚህችው ከደራዋ ጅግና ነው። ውኃ የሚተኛበት፣ ለሌላ ሰብል የማይመች የነበረው ሜዳ የሩዝ አገር ሆነ። ሩዙ የመፈልፈያ ወፍጮ አመጣ። በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም ለማጠጣት የውኃ ፓምፕ መጣ። ሞተር ሳይክሉና ባጃጁ ተከተሉ።

እነዚህ ሁሉ ሞተር ናቸው። ሁሉም ቴስታታ አላቸው፤ የብዙዎቹ ጭስ ማውጫም እንደ እኛዋ ሞተር በእነዚያ ትናንሽ እስረኞች ነው የሚያያዘው። የእኛ ሞተር አንድ ሌሊት ብትቆም የሚቀርብን ጉዞ ነው። ሽንኩርት የተከለ ገበሬ ፓምፑ በየካቲት ፀሐይ ብትቆምበት ግን የሚቀርበት ዓመቱ ነው። በዚያች ቀን ያ ገበሬ የሚያስፈልገው ሰው፣ የሰበረውን ቡሎን ቴስታታውን ሳያበላሽ የሚያወጣለት ሰው ነው።

አገር ይህን ጨርሶ አልረሳችም። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፍቶ ከጣና ማዶ ላሉት ወጣቶች ሳይቀር የቴክኒክ ትምህርት ቅርብ አደረገው። ግን እስቲ በሐቅ እንነጋገር። "ቴክኒክና ሙያ ደረሰኝ" ያለ ልጅ ቤቱ ምን ተባለ? እንኳን ደስ ያለህ ነው ወይስ አይዞህ?

ጠዋት

በማግስቱ በጠዋት ሄድን። ጋሼ ቀድመውን የቤንዚን ጋኑን አውርደው አርቀው አስቀምጠዋል። "እሳትና ቤንዚን አንድ ቤት አያድሩም" አሉ።

መጀመሪያ የተቆረጠውን ትተው ያልተቆረጠውን ጀመሩ። ሁለት ዳዶ አስገቡበትና አንዱን በሌላው ላይ አጠበቁት። ሁለቱ ዳዶዎች ተናንቀው ሲቆሙ ራስ ያልነበረው ቡሎን ራስ አወጣ ማለት ነው። የውስጠኛውን ዳዶ በመፍቻ ይዘው ጥቂት ወደ ማጥበቂያው ገፉት፤ ከዚያ ጥቂት ወደ መፍቻው መለሱት። ዘይት ጠብ አደረጉ፤ እንደገና ወደፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ። ወጣ።

ተራው የስባሪው ሆነ። በጋዝ ብየዳው ነበልባል ቡሎኑን ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን አሉሚኒየም አሞቁት። ገባችሁ? አሉሚኒየሙ ከብረቱ ይበልጥ ይለጠጣል ብለናል፤ ቀዳዳው ሰፋ ማለት ነው። ያሠረው ሙቀት መልሶ ሊፈታው ነው። ከዚያ ጋሼ ያላሰብነውን አደረጉ። ከሣጥናቸው የጧፍ ቁራጭ አወጡና በጋለው ስባሪ ዙሪያ ነካ አደረጉት። ሰሙ ቀለጠ፤ በጥርሶቹ መካከል ሲሰርግ በዓይናችን አየነው። ዘይት ሌሊቱን ሙሉ የጀመረውን ሰሙ በደቂቃ ጨረሰው።

ቀጥለው በቀረችው ጫፍ ላይ ዳዶ አስቀምጠው በየዱባት። ቅላቱ እስኪጠፋ ጠበቁ። መፍቻውን ያዙ፤ ወደፊት ጥቂት፣ ወደ ኋላ ጥቂት። ሲጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። እስረኛው ወጣ።

"ባይወጣስ ኖሮ?" አልናቸው። መሐሉን በመዶሻ ምልክት አድርገው፣ ከቀጭን ፑንታ ጀምረው ቀስ በቀስ እየሰፋ በሚሄድ ፑንታ እንደሚበሱት፣ ጥርሱ ከተበላሸም አስፍተው አዲስ ጥርስ እንደሚያወጡለት ነገሩን። ቡሎን ማውጫ ተብሎ የሚሸጠውን ጠንካራ ብረት ግን ይፈሩታል። እሱ ቀዳዳው ውስጥ ከተሰበረ ከፑንታው ስለሚጠነክር ሌላ እስረኛ ጨመርክ ማለት ነው።

አዲሶቹን ቡሎኖች ከዕቃ መደርደሪያቸው አመጡ። ሞተሯ የህንድ ናት፤ ቡሎኑ የት እንደተሠራ አናውቅም፤ ግን ልክክ አለ። ይህ ተአምር የሰው ሥራ ነው። ድሮ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ጥርስ ይቆርጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆሴፍ ዊትዎርዝ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ የቡሎን ጥርስ ሁሉ አንድ ልክ ይኑረው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ ዓለም በአብዛኛው የሚስማማበት የሚሊሜትር ልክ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። ጋሼ ጥርሶቹን ግራሶ ቀብተው አስገቧቸው። ለነገ ፈቺ የሚታሰበው በማሰሪያው ቀን ነው ማለት ነው።

ሰምና ወርቅ

ስንመለስ ስለ ጧፏ ማውራት አላቆምንም። ያደግነው ሰምና ወርቅ እየተባለልን ነው። ቅኔ ያወቀ ሰው በጎጃምና በጎንደር ይከበራል፤ ላይ ላዩን ሰም ውስጡን ወርቅ የሆነ ንግግር የጨዋ ንግግር ነው። ይህ ስም ግን የመጣው ከየት ነው? ከአንጥረኛው ቤት ነው። አንጥረኛ የሚፈልገውን ቅርፅ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታው ወርቁ ይፈስሳል። የቋንቋችንን ትልቁን ኩራት የተዋስነው እጁን ከምንጠየፈው ሰው ነው። ምሳሌውን ወስደን ባለቤቱን ሰደብነው።

ጋሼ ሒሳብ ሲጠይቁን የጠሩት ገንዘብ በጣም ትንሽ ነበር። ረዳት እንዳላቸው ጠየቅን። "አንድ ልጅ ነበር፤ ቤተሰቡ አልወደደለትም፤ ቢሮ ገባ" አሉን። ለምን ብለን አልጠየቅንም። እናውቀዋለንና።

ጋፋት ጸጥ ያለችው ባለሙያ ስላጣች አይመስለንም፤ ለባለሙያው ቦታ የሚለቅ ጎረቤት ስላጣች ይመስለናል። የጋሼ በረንዳም ጸጥ ያለች ቀን በደራ ስንት ፓምፕ ይቆም ይሆን? እኛ ከአንበሳሜ ስንወጣ ሞተራችን ድምፅ አልነበራትም ማለት ይቻላል። ሕፃናቱም አልተከተሉንም። ሁለታችን ግን አንድ የቤት ሥራ ይዘን ተመለስን። ያን የትምህርት ቤት ጓደኛችንን ፈልገን አገኘነው፤ ይቅርታም ጠየቅነው። ረስቼዋለሁ አለን። አልረሳውም።